ከርነሉን ሲዋሽ ያዝኩት

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ወስጃለሁ። ቢ አግኝቻለሁ። ፈተናው ላይ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተጠቃሚውና በሃርድዌሩ መካከል ያለ አገናኝ ሶፍትዌር ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ሙሉ ማርክ ተሰጠኝ። አገናኝ ሲባል ምን እንደሚያገናኝ፣ እንዴት እንደሚያገናኝ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝም አላውቀውም ነበር። ሸምድጄ ገባሁ፣ ጽፌ ወጣሁ፣ በሳምንቱ ረሳሁት።

ነገሩ፣ በተለይም ከርነል የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ሥራ፣ የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ያስተማረችኝ ወንድሜ ሊጥላት የነበረች አሮጌ ላፕቶፕ ናት። ባለ ሁለት ኮር (ሁለት ማስሊያ ክፍል ያለው) ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋባይት ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ መረጃ የሚያስቀምጡበት ጊዜያዊ ቦታ)፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ዊንዶውሷ ተነስቶ እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ፎርማት አድርጌ ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩባት። ተነሳችልኝ። ሁለት ቀን ኩራቴ ለብቻው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ብራውዘሩ ላይ ሰባተኛ ወይ ስምንተኛ ታብ ስከፍት ስታክ አደረገች። የማውሱ ቀስት አንዴ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ይቆማል። የሃርድ ዲስኳ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ትታ በርታ ቀረች። ከውስጥ ክር ክር የሚል ድምፅ ይሰማል። ለአንድ ጥገና ቤት አሳየኋት። «ፕሮሰሰሯ ደክሟል፤ ሌላ ግዛ» አለኝ ባለሙያው። ግማሽ ልቤ አመነው።

ሌላኛው ግማሽ ግን ፕሮሰሰሩ በምን እንደተያዘ የሚያሳየውን ቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም አስቀድሞ ከፍቶ ጠበቀ። እንደገና ስታክ ስታደርግ ቁጥሮቹን አየኋቸው። ፕሮሰሰሩ ደክሞ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ነበር! ከጊዜው ከ70 በመቶ በላይ ዲስኩን በመጠበቅ ያልፋል። ቪኤምስታት የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም ስከፍት ደግሞ ከራም ወደ ዲስክ የሚወጣውና ከዲስክ ወደ ራም የሚገባው ቁጥር ያለማቋረጥ ይዘላል።

ያኔ ነው ያ የሸመደድኩት «ቨርቹዋል ሜሞሪ» የሚለው ቃል ነፍስ የዘራው። ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ከርነሉ «አለ» ይላል። ሁሉም ፕሮግራም ሰፊ ቤት ለብቻው የተሰጠው ይመስለዋል። እውነቱ ግን 2 ጊጋ ነው፤ ያውም ለሁሉም። ሲጠበው ከርነሉ ለጊዜው ያልተፈለጉትን ባለ 4 ኪሎባይት ገጾች (የመረጃ ቁራጮች) እያነሳ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ሲፈልጋቸው ሌላውን አስወጥቶ መልሶ ያስገባቸዋል። ትንሽ ሲሆን ማንም አያውቅበትም። ሲበዛ ግን ሥራው ሁሉ ዕቃ ማመላለስ ይሆናል።

ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በደቂቃ 5400 ዙር ማለት በሰከንድ 90 ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ክንድ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ይህ 5.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ክንዱ ራሱ ከቦታ ቦታ ለመሄድ ሌላ 10 ያህል ይጨምራል። በጠቅላላው 15 ሚሊሰከንድ በሉት። ራም ግን በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ልዩነቱ 150,000 እጥፍ ነው። ራም አንድ ሰከንድ የሚፈጅበትን ዲስኩ ወደ 42 ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው። በርበሬ ከጓዳ በማምጣትና አገር ቤት በአውቶቡስ ሄዶ ይዞ በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሴትየዋ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ወጥ መሥራት አላቃታትም፤ በርበሬ ጥበቃ ላይ ናት።

ስለዚህ ራም ልገዛ ወጣሁ። ላፕቶፗ የምትቀበለው ዓይነት፣ ዲዲአር 3፣ መሆኑን አረጋግጬ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ላፕቶፗን ስፈታት የያዝኩት ራም የቦታው እጥፍ ይረዝማል። ለካ የዴስክቶፕ ነው የገዛሁት። ሻጩ ሳቀና ልዩነት አስከፍሎ ቀየረልኝ። 4 ጊጋ ገባላት። በዚያው ምሽት አስር ታብ ከፍቼ ቪኤምስታትን ሳየው እነዚያ ሁለት ዓምዶች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ፕሮሰሰሩ ያው «ደክሟል» የተባለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከርነሉ ሌላ የሚደብቀኝ ነገር ካለ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ የማያልቅ ሉፕ ጻፍኩ፤ ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ሁለት ጊዜ አስነሳሁትና ታስክሴት በሚባለው ትእዛዝ ሁለቱንም አንድ ኮር ላይ አሰርኳቸው። ኮምፒውተሩ ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም። ቶፕ ላይ አንዱ 50፣ ሌላው 50 በመቶ። ሁለቱም «ፕሮሰሰሩ የኔ ብቻ ነው» ብለው የሚሮጡ ናቸው። አንዱን ናይስ 19፣ ማለትም ቅድሚያው የመጨረሻ ዝቅተኛ፣ ሳደርገው ወደ 1.5 ወረደ፤ ቀሪውን ሌላኛው ጠቀለለው። (ሁለቱንም ከአንድ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ አስነሷቸው። ከተለያየ ተርሚናል ሳስነሳቸው ናይሱ ምንም አልሠራ ብሎኝ አንድ ማታ ሙሉ ፈጅቻለሁ። ከርነሉ መጀመሪያ ለተርሚናሎቹ እኩል ያካፍላል፣ ናይስን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።)

ማነው የሚያካፍላቸው? የታክሲ ተራ አስከባሪን አስቡት። አንድ ሚኒባስ ቦታውን ይዞ አልነሳም ካለ ወረፋው ሁሉ ይቆማል። እዚህም ሰዓት ቆጣሪ ሃርድዌር አለ፤ በኔ ዴቢያን በሰከንድ 250 ጊዜ ፊሽካ ይነፋል። ኢንተራፕት የሚሉት ይህንን ነው። ፊሽካው ሲነፋ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ወደ ከርነሉ ይዞራል፤ ከርነሉም ተረኛው ማን እንደሆነ ይወስናል።

ሹፌሩ ጆሮውን ቢደፍንስ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ፕሮሰሰሩን «ኢንተራፕት አትስማ» የሚል የማሽን ትእዛዝ አለ፤ ሲኤልአይ ይባላል። ፕሮግራሜ ውስጥ ከተትኩትና አስነሳሁት። «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ወዲያው ሞተ። የገደለው ከርነሉ ነው፤ ያሳበቀበት ግን ራሱ ፕሮሰሰሩ። ፕሮሰሰሩ የከርነሉን ሥልጣን ከተራ ፕሮግራም ሥልጣን ይለያል። ተራ ፕሮግራም አደገኛ ትእዛዝ ሲሰጥ አይፈጽምለትም፤ ከርነሉን ይጠራል።

ቀበሌ ጉዳይ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚስተናገድ እናውቃለን። መዝገብ ቤት ገብተህ ፋይልህን ራስህ አታወጣም። በመስኮት ትጠይቃለህ፤ ሠራተኛው ማንነትህን አይቶ ያመጣልሃል ወይ «አይቻልም» ይልሃል። ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ሲስተም ኮልም እንዲሁ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በሚያሳየው ኤስ-ትሬስ በሚባል ፕሮግራም ኤልኤስ የሚባለውን ትእዛዝ ስከታተል፣ የፋይል ስም ለመዘርዘር ብቻ እስክሪኑን የሚሞላ ጥያቄ በመስኮቱ አቀረበ፦ ክፈትልኝ፣ አንብብልኝ፣ ቦታ ስጠኝ፣ ጻፍልኝ። «አገናኝ» የተባለው ይኼ ኖሯል።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ውሸት ግን የመጨረሻው ነው። የአክስቴን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ፣ 1.2 ጊጋ፣ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። 100 በመቶ አለ። ነቅዬ ሮጥኩ። አክስቴ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሰካነው፤ ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ቪዲዮው ተቆረጠ።

«አንተ ኮምፒውተር ተማርኩ ትል የለም እንዴ?» አለችኝ አክስቴ።

ከርነሉ መጀመሪያ ራም ላይ ተቀብሎ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ዘገምተኛው ፍላሽ ላይ የሚጽፈው ቀስ ብሎ ነው። ስነቅለው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ገና ራም ውስጥ ነበር። ከመንቀል በፊት ኢጀክት ማድረግ ወይም ሲንክ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ መጠበቅ የሚባለው ምክር እንደ ጉንጭ ማልፊያ ሲሰማኝ ኖሮ፣ ለካ ከርነሉን «እውነቱን ንገረኝ» ማለት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋም ሴቭ ያደረግነው ነገር አንዳንዴ የሚጎድለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ይህንንም ደጋግሜ ቀምሼዋለሁ።

አሁን ላፕቶፗ የታናሽ እህቴ ናት። ዘገየችብኝ ብላ ስትጠራኝ ቫይረስ ገብቷት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔ መጀመሪያ የማየው የዲስኳን መብራት ነው።