ቡላ አፉን የዘጋ ሌሊት

ሐምሌ 16፣ ማታ

እሑድ ማታ ጥንቸላችን ቡላ የካሮት ቅጠሉን አልነካውም። ልጄ «እማዬ፣ ቡላ እኮ አኮረፈ» ስትለኝ ወጥ እያማሰልኩ ነበርና ዞር ብዬም አላየሁት። «ተይው፣ ሲርበው ይበላል» አልኳት። ውሻ እያየ ያደገ ሰው አነጋገር ነው። እናቴ ቤት የነበረው ውሻ አንድ ቀን እህል ትቶ ቢውል በማግስቱ ሰሃኑን ሳይቀር ይልስ ነበር፤ እኔም እንስሳ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነቃሁ። እግሬ ቀጥታ ወደ ቡላ ወሰደኝ። ጥጉን ይዞ ኩርምት ብሏል። ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ሲያሻሹት ደስ ብሎት የሚያሰማትን ለስላሳ ድምፅ አውቃታለሁ፤ ይሄኛው ግን ከበሩ ላይ የሚሰማ፣ የሕመም ነው። ጆሮውን ብነካው ቀዝቅዟል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ የሚጸዳዳበት ሳጥን ነው። ልጄ ማታ ካጸዳችው ወዲህ አንዲት በጠጥ እንኳ የለበትም። ጤነኛ ጥንቸል በቀን ከመቶ በላይ ይጥላል።

የአክስቴ ልጅ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ አሁን ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። በዚያ ሰዓት ደወልኩለት። «እታለም፣ ምን ሆናችሁ?» ብሎ በድንጋጤ አነሳው። ጥንቸሉ ነው ስለው አልሳቀብኝም፤ ይህን አልረሳለትም። «መጨረሻ የበላው መቼ ነው? መጨረሻ በጠጥ ያየሽውስ? ሆዱን ስትዳስሺው እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው ወይስ እንደ ሊጥ?» እያለ ጠየቀኝ። እንደ ሊጥ ነው አልኩት። እፎይ ሲል ተሰማኝ። ሆዱ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በአፉ ምንም ሳልሰጠው በዚያው ሰዓት ሐኪም ፍለጋ መውጣት ነበረብኝ።

ያን ሌሊት የነገረኝን ጥንቸል ያለው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የጥንቸል አንጀት እንደ ወንዝ ወፍጮ ነው፤ ውሃው ከቆመ ድንጋዩም ይቆማል። ምግብ ካልገባ አንጀቱ ይፈዛል፣ ውስጡ ያለው ይደርቃል፣ ጋዝ ይሞላል። ጋዙ ያማል፣ ሕመሙ ደግሞ ጭራሽ እንዳይበላ ያደርገዋል። ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ስለሆነ በዚያ በኩልም መውጫ የለውም። ሲቆይ ጉበቱ በስብ ይያዛል፣ በተለይ ወፍራም ከሆነ። ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ምንም ያልበላና ያልተጸዳዳ ጥንቸል በአስቸኳይ ሐኪም ማየት አለበት። እኔ «ይበላል» ብዬ ስተኛ ከዚያ ውስጥ 6 ሰዓቱ አልፎ ነበር። ደግሞም ይደብቃል። አዳኝ የሚበላው እንስሳ ሕመሙን ማሳየት አይሆንለትም፤ ልጄ ስትጠጋው ጆሮውን ቀና ያደርግላት ነበር።

ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለካሁ፤ 37.8። ከ38.5 በታች መውረድ አልነበረበትም። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ በግራና በቀኙ አደረግሁለት፣ ቢሞቀው ፈቀቅ እንዲል አንድ ወገን ክፍት ትቼ። እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጠዋት የግቢያችን እማማ ሰምተው መጡ። ከልጅ ልጃቸው የተረፈ አሞክሳሲሊን ይዘው ነበር። «ግማሿን በውሃ በጥብጠሽ ስጪው የኔ ልጅ፣ ለእኛ የሆነ ለእሱ አያቅተውም» አሉኝ። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነው። አሞክሳሲሊንና የፔኒሲሊን ወገን የሆነ ሁሉ በአፍ ከተሰጠው በዕውር አንጀቱ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉለትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ይገድልና መርዛማዎቹ ይነግሣሉ። ጥንቸሉን ሊገድለው ይችላል። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይህ መድኃኒት ስላለ ነው አጥብቄ የምጽፈው። እማማን ግንባራቸውን ስሜ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» አልኳቸው፤ አልተቀየሙኝም።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ጥንቸል አናይም አሉን። ዝናብ ላይ ሳጥኑን በነጠላ ሸፍኜ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። ሁለተኛው ዘንድ ያገኘነው ወጣት ሐኪም ቀስ ብሎ ዳሰሰው፣ በጆሮ ማዳመጫው ሆዱን ረጅም ጊዜ ሰማ። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ሰጠው፣ የሕመም ማስታገሻ ሜሎክሲካም፣ ከዚያም አንጀቱን የሚያነቃቃ ሜቶክሎፕራማይድ። መጠኑን በኪሎው አስልቶ ነው፤ ቡላ 2 ኪሎ ነው። አፉን በትንሽ ባትሪ ሲያይ የታችኛው መንጋጋው ላይ ምላሱን የሚወጋ ሹል አገኘ።

እዚህ ላይ ነው ያለቀስኩት። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የፊቱ በሳምንት 2 ሚሊሜትር ያህል። የሚሞርደው የሣር ድርቆሽ ማኘክ ነው፣ በቀን ለሰዓታት፣ ወደ ጎን እየፈጨ። ከሚበላው አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። የእኛ ድርቆሽ ሰኔ ላይ አለቀ። ዝናቡ ገባ፣ የሚሸጠው ሰውዬ ጠፋ፣ ያገኘሁትም ሻግቶ ነበር። ስለዚህ ፉርሽካ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ልጄ ከቁርሷ የምትቆርስለት ዳቦ። ስለሚወደው እየበላ ያለ መሰለን። አምስት ሳምንት እንደዚህ ከረመ።

ቤት ስንመለስ ሥራው ተጀመረ። ጎረቤት ላሞች ካለው ሰው የደረቀ አልፋልፋ ለምኜ በጁስ መፍጫ ፈጨሁት፣ በወንፊት ነፋሁት፣ ከተቀቀለ ዱባ ጋር በሙቅ ውሃ አቀጠንኩት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ከፊት ጥርሱ ኋላ በጎን በኩል፣ በአንዴ 1 ሚሊሊትር ብቻ። እስኪውጥ መጠበቅ ግድ ነው፤ ቢጣደፉ ሳንባው ውስጥ ይገባል። በጀርባው ማስተኛት አይቻልም። ልጄ ፎጣ ጠቅልላ ታቅፈዋለች፣ እኔ እሰጣለሁ፤ 20 ሚሊሊትር ለመጨረስ 40 ደቂቃ። በየ6 ሰዓቱ። ሰኞ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተፋብኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ሲሪንጁን ራሱ ነከሰው።

ረቡዕ ንጋት ላይ ልጄ መዳፏን ዘርግታ አልጋዬ ላይ ወጣች። «እማዬ፣ ሰባት ናቸው!» ትንንሽ፣ ደረቅ፣ ሁለቱ በፀጉር የተያያዙ በጠጦች። ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን።

አባቴ ስልክ ላይ ስነግረው ኦሪት ዘሌዋውያንን አነሳብኝ። ጥንቸል ያመሰኳል ተብሎ ተጽፏል፣ አይተሻል ወይ አለኝ። ማመስኳቱን አላየሁም፤ ግን ንጋት ላይ ቡላ ጎንበስ ብሎ ከራሱ የሚቀበላት፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘች ለስላሳ ነገር አለች። አንድ ጊዜ ያለፈውን ምግብ መልሶ ይበላል፣ ቪታሚኑን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ለአባቴ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ነው ለካ» አለኝ።

ጥርሱ አልተሞረደም ገና። ሐኪሙ ጉልበት ያግኝ፣ ለማደንዘዣው ይጠንክር ብሎ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮናል፤ እፈራለሁ። ዛሬ ከሱሉልታ መንገድ ሁለት እስር ደረቅ ድርቆሽ ተጭኖ መጣ። እያሸተትኩ ነው የገዛሁት፣ ሽታው የጥቅምት ነው። አንዱን እስር ልጄ ክፍል አስገባነው፣ ሌላውን ከመሬት ከፍ አድርገን ቆጥ ላይ ሰቀልነው። ይህን ስጽፍ ከወዲያ ክፍል ሲቆረጥም ይሰማኛል።