የአባዬ ስፒከሮች

ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ከአባዬ ስፒከሮች ጋር ነበርኩ። ሳሎኑ ቀለም ሲቀባ ተነቅለው እንደተቀመጡ ቀሩ፣ እሱ ደግሞ ትዝታ ካልሰማ ቡናውም አይጥመው፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሳየው አላስቻለኝም፣ መርካቶ ወርጄ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ገዝቼ መጣሁ።

አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ ገመዱን 1 ሴንቲሜትር ያህል ልጬ፣ ክሮቹን ጥብቅ አድርጌ ጠመዘዝኳቸው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ በናታችሁ፣ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ የአምፕሊፋየሩን ቀይ (ፖዘቲቭ) እና ጥቁር (ኔጌቲቭ) ማሰሪያ ካነካካች ሾርት ነው፣ አምፑ ሊቃጠል ይችላል።

ገመዱን አስሬ ከፈትኩት። ድምፁ አለ ግን ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የለውም፣ ዘፋኙም የት ቆሞ እንደሚዘፍን አይታወቅም። አባዬ ምንም አላለም ግን ፊቱን አየሁት። ለካ የገመዱ ሁለቱም ሽቦ አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ በአንዱ ስፒከር ላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ኖሯል፣ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል፣ ቤዙ እዛው አየር ላይ ይጠፋል። አምፑን አጥፍቼ ገመዶቹን ከሱ ነቀልኩና በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ጫፎቹን ለቅጽበት ነካ አደረግኩ፣ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፕላስ የነካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው ማለት ነው። እሱን በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጌ መልሼ አሰርኩት።

ስከፍተው አባዬ ሲኒውን እንደያዘ ቀና አለና "ከበሮው መጣ ልጄ!" አለ። ይኸው ሦስተኛው ቡና ወጥቶ እንኳን ከወንበሩ አልተነሳም።