በመቅዘፊያ የምትሄድ መንኮራኩር፦ ጣና ዳር የሠራሁት የስልክ ጨዋታ

ለስልክ የሚሠሩ የጠፈር ውጊያ ጨዋታዎች አብዛኞቹ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ሥለው መሪው ይህ ነው ይላሉ። በግራ አውራ ጣት ክቡን እየገፉ መዞር፣ በቀኝ አውራ ጣት አዝራር እየተጫኑ መተኮስ ነው። አሠራሩ የተወሰደው ቴሌቪዥን ላይ ከሚሰኩት ማጫወቻዎች ነው። እዚያ ግን ጣት የሚያርፍበት እውነተኛ ዘንግ አለ፤ ዘንጉንም ወደ መሃል የሚመልሰው ሞላ አለው። መስታወት ላይ ሁለቱም የሉም። ጣት ሳይታወቅ ከክቡ ይንሸራተታል፣ ዓይን ከጠላት ላይ ተነሥቶ ጣትን ፍለጋ ይወርዳል፣ በዚያች ቅጽበት መንኮራኩሯ ትመታለች። ባሕር ዳር ላይ የራሴን ጨዋታ ልሠራ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የወሰንኩት ያንን ክብ እንደማልጠቀም ነበር።

በምትኩ የመረጥኩት መቅዘፍን ነው። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚነዳ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ውኃውን ይገፋል። በግራ ሲገፋ የታንኳዋ ፊት ወደ ቀኝ ይዞራል፤ በቀኝ ሲገፋ ወደ ግራ። እያፈራረቀ ሲገፋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መሪ የለም፣ ሞተር የለም፤ መሄድና መዞር በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ውስጥ አብረው አሉ። ስልክ አግድም ሲያዝ ደግሞ ሁለቱ አውራ ጣቶች ራሳቸው በሁለቱ ጎን ያርፋሉ። ግራውን ወደ ታች መሳብ በግራ መቅዘፍ፣ ቀኙን መሳብ በቀኝ መቅዘፍ ሆነ። ጣቱ ከስክሪኑ ግማሽ እስካልወጣ ድረስ የትም ቢያርፍ ይሠራል፤ ስለዚህ ዓይን ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም።

የመቆጣጠሪያ ችግር ከጠፈር ጨዋታ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ፒዲፒ-1 በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ስፔስዋር የተባለ የጠፈር ጨዋታ መጀመሪያ የሚጫወቱት የማሽኑን ማብሪያ ማጥፊያዎች እየነካኩ ነበር። ክርናቸውን ስላሳመማቸው አለን ኮቶክ እና ቦብ ሳንደርስ ለብቻው የሚያዝ የመቆጣጠሪያ ሣጥን ሠሩ። ይህን ታሪክ የምወደው ጨዋታው ያለቀ ሲመስል ሥራው ከእጅ እንደገና መጀመሩን ስለሚያሳይ ነው።

ስልኩን በማዘንበል መንዳትንም አስቤበት ነበር። ብዙ ሰው ያልተለመደ መቆጣጠሪያ ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት ይኸው ነው። የተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። ርካሽ በሆኑ ስልኮች ላይ መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ያለው የፍጥነት ለውጥን የሚለካው አክስለሮሜትር ብቻ ነው። አክስለሮሜትር ደግሞ የምድርን ስበትና የተሽከርካሪን መንገጫገጭ ለይቶ አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ ወይም ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ጸጥ አድርጎ ቢይዝ እንኳ መንኮራኩሯ ትናወጣለች። ሰው የሚጫወተው መንገድ ላይ ነውና ይህ ለእኔ በቂ ምክንያት ነበር።

ኮድ ከመጻፌ በፊት ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ አዛውንት አነጋገርኩ። «አባቴ፣ ቶሎ ለመድረስ ቶሎ ቶሎ መቅዘፍ ነው የሚሻለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደለም ልጄ። ቶሎ ቶሎ የሚቀዝፍ እጁ ይዝላል እንጂ ቀድሞ አይደርስም። ገፋ አድርጋት፣ ከዚያ ተዋት ትሂድ። ስትለግምብህ እንደገና ግፋት» አሉኝ።

ይህ ንግግራቸው እንዳለ የጨዋታው ሕግ ሆነ። እያንዳንዱ ቅዘፋ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ካለፈው በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲቆይ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ደካማ ይሆናል። ይህ ባይኖር ኖሮ አሸናፊው ስክሪኑን በፍጥነት የሚፍቅ ሰው ይሆን ነበር፤ አውራ ጣትም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይችለውም። አሁን ግን ተጫዋቹ ምት ይዞ ይቀዝፋል። ከጨዋታው ሁሉ የምኮራበት ክፍል ይህ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከፊዚክስ በኩል ነው። ውኃ ይቃወማል። ቅዘፋው ሲቆም ታንኳዋ ቀስ በቀስ ትቆማለች፣ መዞሯም ወዲያው ይሞታል። ጠፈር ላይ ግን የሚቃወም ነገር የለም። አንዴ የተገፋች መንኮራኩር ሌላ ኃይል እስኪያገኛት ድረስ ትሄዳለች፣ አንዴ መዞር የጀመረችም ትዞራለች። ይህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ለመረዳት እ.ኤ.አ. በማርች 1966 ጄሚኒ 8 በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። አንድ የግፊት ሞተር ተከፍቶ ስለቀረ ኒል አርምስትሮንግ እና ዴቪድ ስኮት የነበሩባት መንኮራኩር በሰከንድ አንድ ዙር ገደማ እስክትሽከረከር ደረሰች። አርምስትሮንግ ያዳናት ወደ ምድር መመለሻ የተቀመጡትን ሌሎች ሞተሮች ተጠቅሞ ነው፤ ጉዞውም በዚያው ተቋረጠ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ ምንም ማለዘቢያ፣ የኒውተን ሕግ እንደሚለው አድርጌ ለሰዎች ሰጠሁ። ጠላት ሳይመጣባቸው በራሳቸው ቅዘፋ እየተሽከረከሩ ዞረባቸው። ሁለት መንገድ ነበረኝ፦ ሁሉን እንደ ውኃ ማድረግ፣ ወይም ጠፈርን ጠፈር አድርጎ መተውና መዞሩን ብቻ መግራት። ሁሉን እንደ ውኃ ባደርገው ጨዋታው ሐይቅ ላይ እንጂ ጠፈር ላይ አይሆንም ነበር። ስለዚህ የጉዞው ፍጥነት ፈጽሞ አይቀንስም፤ መዞሩ ግን ጣቶች ከስክሪኑ ሲነሡ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይረጋል። ይህ ከእውነቱ የራቀ አይደለም። እውነተኛ ሳተላይቶች ሆዳቸው ውስጥ በሚሽከረከሩ ጎማዎች አቅጣጫቸውን ያስተካክላሉ፤ የእኔም መንኮራኩር እንዲህ ያለ ጎማ አላት። ለመቆም ግን ፊቷን አዙሮ ወደመጡበት መቅዘፍ ግድ ነው። ተጫዋች ይህን የሚማረው ማንም ሳያስረዳው፣ ከአንድ ትልቅ ፍርስራሽ ጋር ከተጋጨ በኋላ ነው።

ፍርስራሽ ያልኩት ጠላቶቹን ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፦ በምድር ዙሪያ የሚዞሩ የተሰበሩ ሮኬቶችና ሳተላይቶች እየመጡ ነው፤ ተጫዋቹ አንዲት ትንሽ ሳተላይት ይጠብቃል። ሳተላይቷን የሣልኳት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ን እያሰብኩ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። እንዲህ ትንሽ የሆነች ነገር በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘች፣ በዙሪያዋ በዚያው ፍጥነት ብረታ ብረት ሲበር ማሰብ ለእኔ ከየትኛውም የጠፈር ጭራቅ ይበልጥ ልብ ይሰቅላል።

መተኮስ ሌላ ፈተና ነበር፤ ሁለቱም ጣቶች በመቅዘፍ ተይዘዋልና። መታ ማድረግ ተኩስ፣ መሳብ ቅዘፋ እንዲሆን ወሰንኩ። ጣት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ተንቀሳቅሶ ከ0.15 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተነሣ ተኩስ ነው። ተኩሱም መንኮራኩሯን ወደ ኋላ ይገፋታል፣ ኒውተን እንዳለው። በጣም የገረመኝ ጎበዝ ተጫዋቾች ይህንን እንደ ፍሬን መጠቀም መጀመራቸው ነው፤ ወደፊት እየተኮሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህን አስቤ አላስቀመጥኩትም፤ ሕጉ ትክክል ስለሆነ ከሕጉ የወጣ ነው።

እንዲህ ዓይነት መቆጣጠሪያ መሥራት ለሚፈልግ ከሁሉ በላይ የምነግረው ርቀትን በፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ እንዳይለካ ነው። የሁለት ስልኮች ስክሪን በስፋት እኩል ሆኖ የአንዱ ፒክስል ብዛት ከሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በፒክስል የተለካ ቅዘፋ በአንዱ አጭር፣ በሌላው ረጅም ይሆናል። አውራ ጣት ግን አውራ ጣት ነው። እኔ የስክሪኑን ጥግግት፣ ፒክስሎቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደተደረደሩ፣ ከስልኩ እየጠየቅሁ ሁሉን በሚሊ ሜትር አሰላሁ።

ሁለተኛው ነገር ጣቱ እስኪነሣ አለመጠበቅ ነው። ኃይሉ ጣት ተስቦ ካለቀ በኋላ ቢሰጥ መንኮራኩሯ ሰነፍ ትመስላለች። ጣቱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት እየተሰጠ ሲሄድ ግን እጅና መንኮራኩር አንድ ይሆናሉ። ጎዶት የተባለው ነጻ የጨዋታ መሥሪያ የፊዚክስ ስሌቱን ሲጀመር በዚሁ ፍጥነት ስለሚያካሂድ ብዙ ድካም አላስከተለብኝም። አዘገመ ወይም ፈጠነ የሚባለው ስሜት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው፤ በሥዕል ውበት አይካስም።

ከአንድሮይድ 10 ወዲህ በብዙ ስልኮች ላይ ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ መሳብ «ተመለስ» ማለት ነው። የሚቀዝፍ አውራ ጣት ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ይወዳል፤ ትንሽ ሲያጋድል ስልኩ ጨዋታውን ሊዘጋ ይነሣል። ስለዚህ ቅዘፋ የሚጀመርበትን ቦታ ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ ዳሩንም በቀጭን መስመር አመለከትኩ።

ስለ ፀሐይ የሚናገር መመሪያ አላገኘሁም፤ የእኔን ጨዋታ ግን በጣም የቀየረችው ፀሐይ ናት። ጠፈር ጥቁር ነው። እኩለ ቀን ላይ ጣና ዳር የተቀመጠ ሰው ጥቁር ስክሪን ሲከፍት የሚያየው ከዋክብትን ሳይሆን የራሱን ፊትና ከበላዩ ያለውን የዋርካ ቅጠል ነው። የጀርባውን ቀለም ከጥቁር ወደ ደማቅ ሰማያዊ ለወጥኩ፣ የፍርስራሾቹን ዳር በወፍራም ነጭ ከበብኩ፣ ጥቃቅኖቹን ከዋክብት አጠፋሁ። ቤት ውስጥ ሲታይ ውበቱ ቀንሷል፤ ግን ይህ ጨዋታ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ለሚያርፉ፣ ተሳፋሪ ለሚጠብቁ፣ በሥራ መሃል አሥር ደቂቃ ላገኙ ሰዎች ነው።

መስታወቱ የማይሰጠውን ተቃውሞ ለመተካት መጀመሪያ ንዝረትን ሞከርኩ። በርካሽ ስልኮች ውስጥ ያለው የንዝረት ሞተር ተነሥቶ ለመዞር ጊዜ ይወስዳል፤ ንዝረቱ ቅዘፋው ካለፈ በኋላ ይደርስና እጅን ያደናግራል። ስለዚህ ንዝረቱን ለግጭት ብቻ ትቼ ቅዘፋውን ለድምፅ ሰጠሁት። ጠዋት ሐይቁ ሳይናወጥ የመቅዘፊያ ድምፅ ቀዳሁ፣ ዝቅ አድርጌ አወፈርኩት፣ የቅዘፋው ጉልበት ሲጨምር ድምፁም እንዲከብድ አደረግሁ። በጠፈር ድምፅ የለም የሚሉኝ አሉ፤ ትክክል ናቸው። እኔ የማሰማው በመንኮራኩሯ ገላ ውስጥ አልፎ ለተቀመጠው ሰው የሚደርሰውን ነው። ድምፁ ከገባ በኋላ ሰዎች ስክሪኑን በኃይል መጫን ተዉ።

ለሙከራ የምወስደው ሐይቁ ዳር ወዳሉ ሰዎች ነበር። ስልኩን ሰጥቼ ዝም እላለሁ፤ ካስረዳሁ የማየው የእኔን ማብራሪያ እንጂ ጨዋታውን አይደለም። ታንኳ ሲቀዘፍ አይተው ያደጉ ልጆች ምንም ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። የክብ መሪ የለመዱት ግን ጥቂት ይቸገራሉ፤ ለእነርሱ ብዬ መጀመሪያ ላይ ጠላት የሌለበት ሰፊ ሜዳ አስቀመጥኩ። ጀበና ቡና የምታፈላ አንዲት እህት ደግሞ አንድ እጇ ብቻ ነጻ በመሆኑ በአንድ ጣት ካልሆነ አልጫወትም አለችኝ። ስልኩ ቁም ሲያዝ አንዱ አውራ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገረ የሚቀዝፍበትን አሠራር የጨመርኩት ለእርሷ ነው። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማውቃቸው ተጫዋቾች የሚመርጡት ይህንን ነው።

አሁን የምሠራው ክፍል የመጣው ከሁለት ልጆች ነው። አንድ ስልክ ነበራቸው፣ ተራ መጠበቅ አልፈለጉም፤ ስለዚህ አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን ያዘ። «ግራ! ግራ! ቆይ፣ አሁን ቀኝ!» እየተባባሉ አንዲቱን መንኮራኩር ለሁለት ነዱ። ኮዱ ሁለቱን የስክሪን ግማሾች ቀድሞውኑ ለየብቻ ስለሚቆጥር ምንም ሳልነካ ሠራላቸው። በሚቀጥለው እትም ለዚህ ብዬ ሁለት ሰው የሚፈልጉ ደረጃዎች ይኖራሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ገፍቶ የማያዞራቸው ከባድ ፍርስራሾች የሚጎተቱባቸው። የቀረኝ ሥራ የሁለቱ ቅዘፋ በአንድ ምት ሲገጥም የሚጨመረውን ጉልበት መመጠን ነው፤ ሲበዛ ብቻቸውን የሚጫወቱትን ይጎዳል፣ ሲያንስም ልጆቹ መጮኻቸውን ይተዋሉ።