የአውሮፕላን ዲናሞ ቺንጋ፦ እስካሁን የገባኝ

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አዳማ ጋራዥ ውስጥ እየሠራችሁ የትንንሽ አውሮፕላን ሞተር ጥገና ለምትማሩ ነው። ሰሞኑን የያዝኩት ላይካሚንግ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራቸውን የኦ-320 እና የኦ-360 ሞተሮች የዲናሞ ቺንጋ ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ። ሴስናና ፓይፐር ከሚባሉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚበሩት በእነዚህ ነው።

መኪና ላይ ቺንጋ ሲንሸራተት ይጮኻል። ገና በር ላይ ሳይደርስ እንሰማዋለን። አውሮፕላን ላይ ግን ያ ጩኸት በሞተሩና በፕሮፔለሩ ድምፅ ይዋጣል። የሚናገሩት የአምፔርና የቮልት መለኪያዎቹ ናቸው። የማረፊያ መብራት ሲበራ ቮልቱ ወርዶ፣ ሲጠፋ ከተመለሰ፣ ጭነት ሲበዛበት ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። የዲናሞው ካርቦን ሲያልቅ ወይም ዳዮዱ ሲቃጠልም እንዲሁ ያደርጋል፤ በዚህ ብቻ አይፈረድም። ኃይሉ ጭራሽ ከጠፋ ወይ ቺንጋው ተበጥሷል፣ ወይ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ጋ ነገር አለ። ሞተሩ አይጠፋም፤ ካንዴላዎቹ እሳት የሚያገኙት ያለ ባትሪ በራሱ እሳት ከሚያመነጨው ከማግኔቶ ነው። ሬዲዮውና መብራቱ ግን ባትሪው እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚቆዩት።

ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ቺንጋው የሚዞረው ከፕሮፔለሩ ኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ለማስገባት ፕሮፔለሩ መውረድ አለበት። ቡሎኖቹም ሲመለሱ በልካቸው መጥበቅ አለባቸው። «ጠበቅ አድርገውና ይሂድ» እዚህ አይሠራም። ቺንጋው ለምን ላላ? መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው።

እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ፑሌጃውን፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ባለ ቦይ መዘውር ነው። ለልምምድ አሮጌ ዲናሞ አንግል ብረት ላይ አስሬያለሁ። የፑሌጃውን ቦይ በጨርቅ ጠርጌ በባትሪ መብራት ሳየው ከሥሩ የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር አለ። ቪ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኑ ነው። ሥሩ ካብለጨለጨ ግን ቦዩ ተበልቶ ቺንጋው ታች ወርዷል ማለት ነው። ጎኑ ላይ ጥፍር ሲያልፍ ደረጃ ነገር ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ፑሌጃ ላይ ቺንጋ ብታጠብቁም፣ አዲስ ብትቀይሩም ይንሸራተታል።

ከክራንክ ሻፍቱ ፊት ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒም ይታያል። እሱ ካፈሰሰ ዘይቱ ቺንጋው ላይ ነው የሚረጨው። የአዳማን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ ሰው የቀረውን መገመት አያቅተውም። ዘይትና አሸዋ ሲገናኙ ፑሌጃውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል።

ጥብቀቱን በተመለከተ እኛ ጋ በአውራ ጣት ተጭኖ «ይበቃዋል» ማለት ነው የተለመደው። የላይካሚንግ መመሪያ ግን ልክ አለው። የመንጠቆ ሚዛን በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ቺንጋው ላይ ይሰካል፤ ቺንጋው አዲስ ከሆነ 14 ፓውንድ፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ያህል፣ ያገለገለ ከሆነ 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ያህል እስኪያሳይ ይሳባል። ቺንጋው ከ5/16 ኢንች፣ ማለትም 8 ሚሊሜትር ያህል በላይ ከሄደ ላልቷል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከ25 የበረራ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። እኔ ገበያ በሚሸጠው የእጅ ሚዛን ነው የምለማመደው፤ ለእጅ ስሜት በጣም ይጠቅማል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መኪና ላይ ቺንጋውን በእጅ እየጎተትን እናዞራለን። አውሮፕላን ላይ ይሄ ልማድ ሰው ይገድላል። ቺንጋው ሲጎተት ፕሮፔለሩም ይዞራል፤ ማግኔቶውን የሚያጠፋው የመሬት ሽቦ ከተበጠሰ፣ ቁልፉ ተዘግቶም ፕሮፔለሩ ሲነካ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። እኔም እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ፈቃድ ያለው መካኒክ አጠገቤ ከሌለ እጄን አላስገባም።

ቀጥሎ የምይዘው የሁለቱን ፑሌጃዎች መስመር በቀጥ ብረት ማስተካከል ነው። የተበላ ፑሌጃ ያላችሁ አትጣሉት፤ ለማነጻጸር እፈልገዋለሁ።