ጊታሩን የጣሉት ሰዎች

ሮክ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ጩኸት፣ ዕፅ፣ ጥቁር ልብስ ምናምን ነው። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን የሰዎቹን ታሪክ እያነበብኩ ስሄድ አምላክ የሌለበት ታሪክ ማግኘት ራሱ ከባድ ሆነብኝ። ኤልቪስ ፕሬስሊ እንኳ፣ የሮክ ንጉሥ የምንለው ሰውዬ፣ ተወዳድሮ ያሸነፋቸው 3 ግራሚዎች (ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት) ሦስቱም በመዝሙር ነው። በሮክ አንድም የለውም!

እኔን ግን የሚገርመኝ አምነው ሙዚቃውን እርግፍ አድርገው የተዉት ናቸው። የሮክ ዘፋኙ ሊትል ሪቻርድ እ.ኤ.አ በ1957 አውስትራሊያ ቱር ላይ እያለ ሰማይ ላይ የእሳት ኳስ አየና የአምላክ ምልክት ነው ብሎ በቃኝ አለ (የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀችበት ሰሞን ነበር እንግዲህ)፣ ቀለበቶቹን አውልቆ ውሃ ውስጥ ወረወረ ይባላል፣ ከዛ ነገረ መለኮት ሊማር ኮሌጅ ገባ። በ1962 ተመልሶ ስቴጅ ላይ ነው። ቆይቶ ደግሞ መልሶ ሰባኪ! ሰው ይስቅበታል፣ እኔ ግን አላስቀኝም፣ ሁለቱንም ከልቡ ስለሚወድ ይመስለኛል የተሰቃየው።

ኮርን የሚባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ብራያን ዌልችም በ2005 ከዕፅ ሱስ ወጥቶ ባንዱን ጥሎ ሄደ፣ ዮርዳኖስ ወንዝ ድረስ ሄዶ ተጠመቀ፣ በ2013 ግን እምነቱን እንደያዘ ወደ ባንዱ ተመለሰ። ዘፋኙ ቦብ ዲላን ደግሞ ሙዚቃውን አልተወም፣ በ1979 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የድሮ ዘፈኖቹን በሙሉ ትቶ ስለ ኢየሱስ ብቻ ሲዘፍን የራሱ አድናቂዎች ጮኹበት። ሰካራም ሮከር ይታገሳሉ፣ የሚጸልይ ሲሆን ነው የሚከፋቸው፣ ይሄ ነገር አይገባኝም።

ሮከሩ አሊስ ኩፐር በበኩሉ የሰባኪ ልጅ ነው፣ መጠጡን ትቶ ወደ ልጅነት እምነቱ ተመልሷል፣ ስቴጅ ላይ በእባብና በአንገት መቁረጫ የሚሰራውን ትያትር ግን አልተወም። ስቴጅ ላይ ያለው ገጸ ባህሪ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው እኔ ነኝ ባይ ነው። ለሱ ቀላል ሆነለት።

ለእንግሊዛዊው ዘፋኝ ካት ስቲቨንስ ግን አልቀለለም። በ1976 ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ላይ ባህር ሊያሰምጠው ሲል አምላክ ሆይ ካዳንከኝ ላንተ እሰራለሁ ብሎ ጮኸ፣ ማዕበሉ ወደ ዳር ገፋው። ወንድሙ ቁርአን ሰጠው፣ በ1977 ሰለመ፣ ዩሱፍ ኢስላም ሆነ፣ ጊታሮቹን በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ሰጠና ከፖፕ ዓለም ወጣ። ሁለት አስርት ዓመት በላይ! ከዛ አንድ ቀን ልጁ ጊታር ይዞ ቤት ገባ። ዩሱፍ አንስቶ ሞከረው፣ ጣቶቹ አልረሱም ነበር። በ2006 አልበም አወጣ።