ቧንቧውን ክፍት አድርጋችሁ እደሩ

ዳላስ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ብርድ አታውቁም ስንባል ቅር ይለናል። ጎረቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። "እኔን ብርድ? ያደግኩት ውርጭ ላይ ነው!" ይላል። እውነቱን ነው። ግን እዚያ ውርጭ የሚያቃጥለው ባቄላ ነው እንጂ ኮርኒስ አያፈርስም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ዳላስ ላይ በፋራናይት ከዜሮ በታች 2 ገባ። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ገደማ መሆኑ ነው። ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ ብርድ አልታየም ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሌሊት ላይ መብራት መጥፋት ጀምሯል። ቴክሳስ የራሷ የመብራት መረብ ነው ያላት፤ ከሌሎቹ ስቴቶች ጋር ብዙም ስላልተያያዘች እንደልቧ መበደር አልቻለችም። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት ጨለማ ዋጠው። ማሞቂያውም አብሮ ጠፋ።

ያኔ እናቴ በኮሮናው ምክንያት እንደመጣች እኛው ጋ ቀርታ ነበር። ብርዱ ሊገባ ሲል ቧንቧ በትንሹ እያንጠባጠባችሁ እደሩ ተባለ። እኔ ከፍቼ እተኛለሁ፣ እሷ ተነስታ ትዘጋለች።

"በፈረቃ ውኃ አሳድጌህ ዛሬ ታፈሳለህ? ግፍ አይሆንም?"

"እማዬ፣ ቱቦው እንዳይፈነዳ ነው።"

"ስትዘጋው ነው የሚፈነዳ? ወይ ጉድ!"

በመጨረሻ ባልዲ ደቀነችበትና ሁለታችንም ተኛን። ቀን ቀን ደግሞ ድስቱንም ጀሪካኑንም የገላ መታጠቢያ ገንዳውንም ሞላች። ቤታችን ሽሮሜዳ መሰለ ብዬ ስቄባት ነበር። ከዚያ የውኃው ግፊት እየደከመ መጣ። ፎርት ዎርዝን ጨምሮ ብዙ ከተሞች ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ አሉ። ሽንት ቤት የምንደፋው ከባልዲው ነበር።

ጥያቄዋ ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥ እንደተረሳ ጠርሙስ፣ በረዶው ራሱ ቱቦውን የሚሰነጥቀው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። በረዶው እያደገ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ውኃ ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። ቧንቧው ዝግ ከሆነ ውኃው መሄጃ የለውም። ግፊቱ ይጨምር ይጨምርና ቱቦው በደከመበት ቦታ ይተረተራል። ያም ቦታ በረዶ ያለበት ላይሆን ይችላል። ጠብታዋ ለዚያ ግፊት መተንፈሻ ናት። ቀዝቃዛውንም ሙቁንም መስመር ነው የምታንጠባጥቡት፤ ሙቁን የሚረሳ ብዙ ነው።

ሚኒያፖሊስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ ሳቀችብን። እነሱ ጋ የመንገዱ ዋና ቱቦ ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ነው የሚቀበረው። የእኛ ቤቶች የተሠሩት ለሙቀት ነው። ምድር ቤት የላቸውም፤ ቱቦው ከኮርኒሱ በላይ ወይም በውጭው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። የውኃ ማሞቂያው ሳይቀር ጣራ ሥር የተሰቀለበት ቤት ሞልቷል። ለዚህ ነው በፋራናይት 20 አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7 ገደማ፣ መጠንቀቅ ያለብን።

ወደ ደብረ ብርሃኑ ልጅ ልመለስ። አርብ ዕለት ፀሐይ ወጣ። ሁላችንም ተገላገልን አልን። የተሰነጠቀ ቱቦ ግን ውስጡ በረዶ እስካለ ድረስ ዝም ይላል፤ የሚያፈሰው ሲቀልጥ ነው። ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ መጀመሪያ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ታየ። ከዚያ ኮርኒሱ አበጠ፣ ወረደ። እርጥብ ኢንሱሌሽን፣ ሙቀት እንዳይወጣ ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፈው፣ ሶፋው ላይ ተዘረገፈ። ቧንቧ ሠራተኛው በኋላ ቆርጦ ያሳየን የመዳብ ቱቦ ላይ ያለችው ስንጥቅ የትንሿን ጣት ጥፍር አታህልም።

ቤቱን ያበላሸው ግን ስንጥቋ ብቻ አይደለችም። የቤቱን ውኃ በሙሉ የሚያቆመው ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር። በረዶ እየዛቅን መዝጊያው ያለበትን የውኃ ቆጣሪ ክዳን ስንፈልግ ውኃው ከላይ ይወርዳል። እኔ ብጠየቅ፣ ቤት ስትገዙም ስትከራዩም ከግራናይቱ በፊት እሱን አሳዩኝ በሉ። የቆጣሪውን መዝጊያ የሚያዞረው ረጅም ቁልፍ ሃርድዌር ቤት ይሸጣል፤ ገዝታችሁ በር ኋላ አቁሙት።

የቀረው ቀላል ነው። የግቢውን ጎማ ከቧንቧው ንቀሉ። የውጩን ቧንቧ ሸፍኑ። ከሲንኩ ሥር ያለውን ካቢኔት ክፈቱ፣ የቤቱ ሙቀት ይግባበት። ቱቦው ውስጥ ውኃው በረዶ ከሆነ ቧንቧውን ክፈቱና በፀጉር ፎን ከቧንቧው በኩል ጀምራችሁ አሙቁ። እሳት አታስጠጉ። ከሰልም ቤት ውስጥ አታያይዙ፣ ጋራዥ ውስጥም መኪና አስነስታችሁ አትሙቁ። በዚያ ሳምንት ሂዩስተን ላይ በዚህ ጭስ ከእኛው ሰው ሳይቀር ሕይወት አልፏል።

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ ማሞቂያውን ለቁጠባ ብላችሁ አታጥፉ፤ በፋራናይት 55 ተዉት። ሙቀት አጥፍቶ ለሄደ ሰው አልከፍልም የሚል ኢንሹራንስ አለ፣ ውላችሁን አንብቡ። ዋናውን መዝጊያ ዝጉና ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ የቀረውን ውኃ አፍስሱ። የቤቱን ቁልፍ እዚሁ ለሚቀር ሰው ስጡ፤ ስትሰጡም መዝጊያውን ወስዳችሁ አሳዩት።