8 ወር በኤትና ደጋ ወይን፦ እስካሁን የተሳሳትኩባቸው ነገሮች

ሰላም ጓዶች፣ ስለ ሲንግል ቪንያርድ (ካንድ ማሳ ብቻ የተሰራ) ቀይ ወይን መማር ጀምሬያለሁ ብያችሁ ጠፍቼ ነበር፣ ይኸው 8 ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ከፍታ ቦታ የበቀለ ያሉኝን ሁሉ ነበር ምቀምሰው፣ አንዴ የአርጀንቲና ማልቤክ፣ አንዴ የስፔን ጋርናቻ፣ ግን ፍሬውም አፈሩም አገሩም ባንዴ ሲቀያየር ምኑ ከምን እንደመጣ መለየት አቃተኝ። ከዛ በቃ አንድ ተራራ ላይ ልቁም አልኩና ጣሊያን ሲሲሊ ያለውን እሳተ ገሞራ ኤትናን ያዝኩ።

ለምን ኤትና? በሰሜኑ ተዳፋት፣ ከራንዳዞ እስከ ሊንጓግሎሳ ባለው መንገድ ዙሪያ፣ ወይኑ በግምት ከ600 እስከ 1000 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ዋናው ቀይ ፍሬ ደሞ ኔሬሎ ማስካሌዜ ነው። ኤትና ሮሶ (የኤትና ቀይ) ለመባል ቢያንስ 80 በመቶ እሱ መሆን አለበት። ተራራው ኮንትራዳ በሚባሉ ቀበሌ ነገሮች የተከፋፈለ ነው፣ ከ2011 ወዲህ የኮንትራዳው ስም ጠርሙሱ ላይ መፃፍ ይችላል። (አንድ ኮንትራዳ ውስጥ ብዙ ባለማሳ አለ፣ ስለዚ ኮንትራዳ ተፃፈ ማለት የግድ አንድ ማሳ ማለት አይደለም፣ ይሄን እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ።) ዋናው ነገር ግን ፍሬው አንድ፣ ጠማቂው አንድ፣ አመቱ አንድ፣ ቦታው ብቻ የተለየ ሁለት ጠርሙስ ማግኘት ትችላላችሁ። ለተማሪ ከዚ በላይ ምን ይፈለጋል።

የመጀመሪያ ስህተቴ ቀለሙ ነው። ያረጀ የወይን ሀረግ፣ ከፍታ፣ ኃይለኛ ፀሐይ ሲባል እንደ ቀለም ቀንድ የጠቆረ ነገር ነበር የጠበኩት፣ ስቀዳው ግን ከብርጭቆው ወዲያ ያለው ጣቴ ይታየኛል። ተበላሽቷል ወይ ተበርዟል ብዬ ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ይበረታል፣ ፍሬውም ራሱን ለመከላከል ቆዳው ላይ ቀለም ያበዛል፣ ማልቤክ ላይ በደንብ ይታያል። ግን ከፍታው የሚሰራው ፍሬው በተፈጥሮ ባለው ላይ ነው፣ ኔሬሎ ደሞ ቀለሙ ሳሳ ያለ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ግን የማይቀለድበት አይነት ነው። አይታችሁ ውሃ ነው ትላላችሁ፣ ስትጎነጩት ድዳችሁን ይዞ ያደርቀዋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ አጭር ነው፦ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚለውን አትስሙ። በሞቀ ክፍል ስቀዳው ከአልኮል በቀር ምንም አልሸተተኝም። ወደ 15 ዲግሪ ዝቅ ሲል ቼሪው፣ የብርቱካን ልጣጩ፣ እንደ ጭስ ያለው ነገር ወጣ። የተረፈውን ዘግቼ በነጋታው ስቀምሰው ደሞ ከመጀመሪያው ቀን በለጠ፣ አሁን ሁሌም ግማሹን ለነገ አስቀራለሁ።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያፈርኩበት እሱ ነው። ከአንድ ጠማቂ፣ ያንድ አመት፣ አንዱ ከ600 ሜትር አካባቢ፣ ሌላው ከ900 ገደማ። ጓደኛዬ ጠርሙሶቹን ሸፍኖ ቀዳልኝ። እኔ ሆዬ አንብቤያለሁ፣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ይወርዳል፣ ስለዚ 300 ሜትር ማለት ወደ 2 ዲግሪ ልዩነት ነው፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሀረጉ አሲዱን ቶሎ አቃጥሎ አይጨርስም፣ ስለዚ ጎምዛዛው የላይኛው ነው ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ተሳሳትኩ። ድገምልኝ አልኩት፣ ደገመልኝ፣ ደግሜ ተሳሳትኩ። (እየሳቀ ነው የሚቀዳው።)

በኋላ ሳስበው የረሳሁት መቼ እንደሚለቀም የሚወስነውን ሰውዬ ነው። ኤትና ላይ ለቀማ ብዙ ጊዜ ጥቅምት አጋማሽ ደርሶ ወደ ህዳር ሁሉ ይገፋል፣ ታች ሲሲሊ ቆላው ላይ ነሐሴ ላይ በሚጀመርበት አገር ማለት ነው። የላይኛው ማሳ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ ባለቤቱ ትንሽ ልታገስ ካለ አሲዱ እየወረደ ስኳሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ የታችኛውን ቀደም ብሎ ከለቀመ ደሞ ጎምዛዛው እሱ ይሆናል። አፈሩም አንድ አይደለም፣ እያንዳንዱ ቦታ በተለያየ ዘመን በፈሰሰ ላቫ ላይ ነው የተቀመጠው፣ አንዱ የደቀቀ ጥቁር አሸዋ ሌላው ገና ድንጋይ። ስለዚ አሁን ከፍታን በአሲድ ብቻ አልገምትም፣ ይልቅ የታኒኑን ልስላሴ ነው የማየው፣ በነዛ ሁለቱ ጠርሙሶች ቢያንስ የላይኛው ደቃቅ ነበር፣ እንደ ዱቄት፣ የታችኛው ሸካራ። ይሄ ህግ ነው አላልኩም፣ ኖቴ ላይ ያለው ይሄ ነው።

ስለ አሮጌዎቹ ሀረጎች ያነበብኩት ግን ከቅምሻው በላይ ነው የማረከኝ። ፊሎክሴራ የሚባለው የስር ተባይ ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓን ወይን ሲጨርስ መፍትሄ የሆነው የአውሮፓውን ሀረግ ቆርጦ የአሜሪካ ሀረግ ስር ላይ መቀጠል፣ ማለትም ማዳቀል፣ ነበር። ተባዩ ግን አሸዋማ አፈር አይመቸውም፣ በዚ ምክንያት ኤትና ላይ ሳይዳቀሉ በራሳቸው ስር የቆሙ፣ ከ100 አመት ያለፉ ሀረጎች እስካሁን አሉ። አልቤሬሎ ይባላል አቋማቸው፣ እንደ ቁጥቋጦ፣ እያንዳንዷ በእንጨት ካስማ ተደግፋ ለብቻዋ፣ እርከን ላይ ስለሆኑ ማሽን አይገባም፣ ሁሉም በእጅ ነው።

እዚ ላይ ነው ያልጠበኩት ነገር የመጣው። አንዷ ስትሞት ከጎረቤቷ ረጅም ቅርንጫፍ ጎንበስ ተደርጎ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ስር ያወጣል፣ ክፍተቱ ይሞላል። ልጅ ነው እንበለው ወይስ ያው እናትየው? እንዲህ እየተተካ በመጣ ማሳ ላይ "የ120 አመት ሀረግ" ሲባል የሁሉም እድሜ አንድ ነው ማለት አይደለም። አለም አቀፉ የወይን ድርጅት በ2024 አሮጌ ለመባል ቢያንስ 35 አመት የሚል ትርጉም አውጥቷል፣ ግን ትርጉሙ ምክር እንጂ በየአገሩ የሚያስገድድ ህግ አይደለም፣ ስለዚ ጠርሙስ ላይ "አሮጌ ሀረግ" ስታዩ ስንት አመት ብላችሁ ጠይቁ። ደሞ ዱሮ የተተከለ ማሳ ውስጥ ኔሬሎ ብቻ አይደለም ያለው፣ ኔሬሎ ካፑቾ የሚባል ሌላ ቀይ ፍሬ አለ፣ ነጭ ሁሉ ጣል ጣል ተደርጎበታል።

ሌላው ያስገረመኝ የኤትና ዲኦሲ (ወይኑ በኤትና ስም እንዲሸጥ በህግ የተከለለው ቦታ) ወደ ላይ ገደብ አለው፣ በሰሜን በኩል 1000 ሜትር ገደማ ሲያልፍ አብዛኛው ከድንበሩ ውጪ ነው የሚወድቀው። ባርባቤኪ የሚባለው ኮንትራዳ ለምሳሌ ከነአሮጌ ሀረጎቹ እዛው ተራራ ላይ ሆኖ በኤትና ስም መሸጥ አይችልም፣ ሰፋ ባለው የሲሲሊ ስም ነው የሚወጣው። ጠርሙስ ሲመርጥ "ኤትና" የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው እንደኔ ለወራት ሳያያቸው ያልፋል።

ቀጣዩ እቅዴ ከነዛ ከድንበር ውጪ ካሉት አንዱን ከ600 ሜትሩ ጎን አቁሜ መቅመስ ነው፣ አሁንም ተሸፍኖ። ጓደኛዬ ካሁኑ እየሳቀ ነው።